በአሥራ ሁለት ቀጠሮ ያክሙ የነበሩት አባታችን

አባታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ሰኔ 3 ቀን 1938 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። በ1964 ዓ.ም. ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቀው የሥነ ልቦና ሐኪም ሆኑ፤ በከተማው ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት በሌላት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። በ1967 ዓ.ም. ከመምህርት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

ሕክምናቸው ለአንድ ሕመምተኛ በሳምንት አንዴ፣ አሥራ ሁለት ቀጠሮ ብቻ ነበር። ጊዜው አጭር ስለሆነ የሕመምተኛውን ንግግርም ዝምታም ቶሎ ቶሎ ይተረጉሙለታል፤ ዝምታህ ቁጣ ነው፣ ማርፈድሽ ፍርሃት ነው ይላሉ። ባልደረቦቻቸው “ህልም ፈቺው” ይሏቸው ነበር። በ1979 ዓ.ም. አንዲት ልብስ ሰፊ በዘጠነኛው ቀጠሮዋ፣ “ዶክተር፣ ምንም ብል መልስ አለዎት፤ መውጫ አሳጡኝ እኮ!” ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። አባታችን የቀሩትን ሦስት ማክሰኞዎች ባዶ ወንበሯ ፊት ተቀምጠው ጠበቋት።

ከዚያ በኋላ ፈቃደኛ የሆኑ ስድሳ ሕመምተኞችን የቀጠሮ ድምፅ ቅጂ እያዳመጡ የሰጡትን ትርጓሜ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ትርጓሜ የበዛባቸው ሰዎች እምብዛም አልተሻላቸውም። ሕመምተኛው ሲያኮርፍ እርሳቸው ማብራሪያ ይጨምራሉ፤ ሲጨምሩ እርሱ ይብስበታል። ይህንን ጥፋታቸውን ሳይደብቁ በስማቸው አሳተሙ፤ እንኮራባቸዋለን። በሕክምና ክፍላቸውም ከዚያ ወዲያ ማዳመጥ አበዙ።

ቤት ውስጥ ግን አልሆነላቸውም። ሳህን ብንሰብር ትርጉም አለው፣ ብንስቅ ትርጉም አለው፤ ዝም ማለትማ የባሰ ጉድ ነው። ታላቅ ወንድሜ በሃያ ዓመቱ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ የሚወጣበትን ምክንያት በሩ ላይ ቆመው አስረዱት። ይህን የምጽፈው እኔ፣ ታናሽ ሴት ልጃቸው፣ አብሬያቸው ቀረሁ። እወዳቸው ነበር፤ ነገር ግን ስሜቴን ሁሉ ቀድመው ስለሚናገሩልኝ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር።

እናታችን ከሦስት ዓመት በፊት ካረፉ በኋላ አባታችን በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተዋል። ሐሙስ ዕለት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ እንባዬ አመለጠኝ። ዓይናቸውን ገልጠው፣ “የምታለቅሺው ለእኔ አይደለም የኔ ልጅ፤ ለእናትሽ ነው” አሉኝ። እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ። የተስማማሁ መስሏቸው ተኙ። በማግሥቱ ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

አባታችን ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል።

አባባ፣ ተሳስተዋል። ያለቀስኩት ለእርስዎ ነበር። ፈጣሪ ነፍስዎን በምሕረቱ ይቀበልልን።