አበባዋን ከእሳት ላዳናት ቢሮ

ለተከበሩ ለሚስተር ግሬንጀር ፖስተን፣ የወረዳችን የእሳት ፈቃድ ቢሮ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ሳሉ ተሻለዎት? ጭስ አይስማማቸውም ብለው ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ ነው የምጠይቅዎ። እኛ የረግረጉ ዳር ሰዎች እርስዎ እንዳያስልዎት ብለን ይኸው ክብሪታችንን ኪሳችን ከትተን ቁጭ ብለናል።

እኔ ኮልቢ ሬቭል ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም፤ ጀልባ በመንዳትና የዱር አሳማ በማደን ግን እዚህ አገር የሚደርስብኝ የለም። ደብዳቤው ካልገባዎት ጥፋቱ የአንባቢው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሰሌዳው ላመስግን። አባቶቻችን ብርዱ ሲያልቅ ሙጫ የጠገበ የጥድ ፍልጥ ለኩሰው፣ በመንሽ እየጎተቱ በቤተ ክርስቲያናችን ጥድ ሥር ያለውን ሣር ያቃጥሉ ነበር። ጥዱ ምንም አይሆን፤ መኸር ላይ ሊሊ የምንላት ቀይ አበባ ሰማይ ሰማይ እያየች ቀጥ ብላ ትወጣለች። እርስዎ ግን አሳዘነችዎትና «ብርቅዬ አበባ፣ እሳት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ከነሥዕሏ ተከሉላት። እግዜር ይስጥልን። አሁን እሳት አይነካትም። ፀሐይም አይነካት። ቁጥቋጦው ቁመቴን በልጧል፤ እኔ ደሞ አጭር ሰው አይደለሁም።

ሁለተኛ፣ እባቦቹ ስለ አዲሱ ቤታቸው፣ ስለ ቁጥቋጦው፣ አመስግነውዎታል።

ሦስተኛው ይከብደኛል።

አጎቴ ኤልበርት ያንን ጫካ ሲያቃጥል የኖረ ሰው ነው። እኛ ጋ እሳቱን የለኮሰ ሰው፣ በመኸር፣ ርቆ የሚኖረው ዘመድ ሁሉ ተመልሶ ቤተ ክርስቲያን በሚሰበሰብበት እሁድ፣ የመጀመሪያዋን ሊሊ ባርኔጣው ላይ ሰክቶ ነው የሚመጣው። ዘንድሮ ሳንባው ደክሟል፤ ሐኪሙም ሌላ መኸር ያያል አላለም። «ባዶ ባርኔጣ አድርጌ አልሄድም» አለ። እኔም ሰው ሁሉ እየሰማ ደረቴን ነፍቼ፣ «አጎቴ፣ አንዷን ተዋት፣ እቅፍ ሙሉ ነው የማመጣልህ!» አልኩት።

ቅዳሜን ሙሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ስድህ ዋልኩ። ሱሪዬ ተቀደደ፣ ፊቴ ተቧጨረ፤ ያገኘሁት አበባ ሰሌዳዎ ላይ የተሳለችውን ብቻ ነው። ባዶ እጄን ከምገባ ብዬ ሰሌዳውን ከነሥዕሏ ነቅዬ ተሸክሜ መጣሁ። ይስቃል ብዬ ነበር። አክስቴ ሎሬን በር ላይ፣ «ኧረ በጌታ፣ ይሄን ይዘህ እንዳትገባ!» አለችኝ። ገባሁ። አጎቴ ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ።

«አንተ ጉረኛ፣ ይሄን ባርኔጣዬ ላይ በምስማር ልትመታልኝ ነው?»

እኔ ሳቅሁ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሁድ ሁላችንም ሄድን፣ እሱ ቀረ። በቤተ ክርስቲያኑ ምሳ ላይ ዶሮ ጥብሱ ፊቴ ተቀምጦ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ። ማፈር የሚባል ነገር አላውቅም ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ያልቻለውን እርስዎ አስተማሩኝ።

አጎቴ «ሥሯ አፈር ውስጥ አለ፤ አልሞተችም፣ እሳት እየጠበቀች ነው» ይላል። እንግዲህ እሷ ትጠብቃለች። እሱ ግን መጠበቅ አይችልም። በዚህ ብርድ ማብቂያ እንድናቃጥል ፈቃዱን ይስጡን።

ንጹሕ አየርዎን እንዳይረብሽ ትንፋሹን ውጦ የጻፈልዎት፣ ትሑት (ቃሉን የሰጠኝ ፓስተራችን ነው) ወዳጅዎ፣

ኮልቢ ሬቭል

እንዳልረሳው፦ ሰሌዳዎ አልተሰረቀም። በአጎቴ አልጋ ራስጌ ቆሟል፤ ባዶ ባርኔጣውን እላዩ ላይ ሰቅሎበታል። ሰሌዳውን ሊወስዱ ሲመጡ ባርኔጣውን እርስዎ ያንሱና በእጁ ይስጡት። እኔ አፍሬ አልነካሁትም።