የፈተና ሰሞን ሳል

ሰኞ፣ ጥር 18

«እዚህ ግቢ ከፈተና በፊት የሚታመም ሰው የለም» አለ አንድ ተማሪ መጽሐፍ እየመለሰ፣ ለጓደኛው። ደስ አለኝ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝና በሰው ቃል ማመን ይቀናኛል። ከሰዓት ግን የሚስለው በዛብኝና መቁጠር ጀመርኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ አንድ ሳል። ባለፈው ሳምንት ንባብ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ማንኮራፋት ብቻ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

የኮሌጁ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ሲስተር ወርቅነሽ መዝገቧን ገልጣ አሳየችኝ። የሳምንቱ በሽተኛ፦ አንድ ወለምታ።

«አይመጡማ ጋሼ! ማንን ቆጥሬ ወረርሽኝ አለ ልበል?»

የታመመ ተማሪ ፈተና አይገባም፣ ያልገባ ደግሞ ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ሁሉም ጤነኛ ነው።

የምታሳስበኝ ሐዊ ናት። ሦስተኛ ዓመት፣ አስም ያለባት፣ ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ። ግራና ቀኟ ያሉት ይስላሉ።

«ዶርም አንብቢ» አልኳት።

«እዚያ አምስቱም ይስላሉ ጋሼ። እዚህ ሁለት ናቸው።»

መስኮቱን ከፈትኩላት።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ትንሽ ድል። ዲኑን ለምኜ ለምኜ «የታመመ ሌላ ቀን ይፈተናል» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፍኩ።

ምሳ ሳይደርስ የክሊኒኩ ሰልፍ ካፌው በር ደረሰ። ሲስተር ደወለች፤ «ምን አደረጉኝ ጋሼ? ግቢው በሙሉ ታመመ እኮ!»

ሄጄ አየሁት። የንባብ ክፍሉን ሳል አውቀዋለሁ፤ የታፈነ ነው፣ ያፍራል። የሰልፉ ሳል መምህር ሲያልፍ ይበረታል። አንዱማ ጉሮሮዬን አለ፣ ሆዱን ይዞ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ከጤና ቢሮ ናሙና የሚወስዱ ባለሙያዎች መጡ። የያዙት መመርመሪያ ለአምስት ሰው ብቻ ይበቃል። ከሰልፉ ፊት ያሉትን አምስት ወሰዱ። አፍንጫቸው ሲነካ አምስቱም ለመዳን ምንም አልቀራቸውም።

የእውነቶቹ በሽተኞች እኔ ጋ ያነባሉ። ሐዊን «ሂጂ ተመርመሪ፣ እባክሽ» አልኳት። ዛሬ እሷም ትስላለች።

«የሌላ ቀን ፈተና ሁሌ ይከብዳል። ደህና ነኝ፣ በቃ።»

ይህችን ለማለት ሦስት ጊዜ ተነፈሰች።

ዓርብ፣ ጥር 22

ሐዊ ፈተና አልገባችም። ጠዋት ትንፋሽ አጥሯት ሲስተር ሆስፒታል ወሰደቻት። አዲሱ ገበያ ላይ መንገድ ተዘግቶ ነበር አሉ። ምሳ አልበላሁም። መጽሐፍ ደረደርኩ፣ አፈረስኩ፣ ደረደርኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ሲስተር ደወለች። ኦክስጅን ተደርጎላታል። ማውራት ጀምራለች። መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ፈተናው ላይ ምን ወጣ?» ብላ ነው። እፎይ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

የአምስቱ ውጤት መጣ። ሁሉም ነጻ። ዲኑ ማኅተም አድርጎበት በር ላይ ለጠፈው፦ በግቢያችን ወረርሽኝ የለም። «አስደንግጠውን ነበር እኮ ጋሼ» አለኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ።

ሐዊም ተመርምራለች፤ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ነገ ትወጣለች ተብሏል። ሆስፒታሉ ወዲያው ለጤና ቢሮ አሳውቋል፤ በየትኛው አካባቢ በሽታ እንዳለ የሚታወቀው በበሽተኛው አድራሻ ነው አለችኝ ሲስተር።

መታወቂያዋ ላይ ያለው ግን የግቢያችን ሳይሆን፣ መቶ ኪሎ ሜትር የሚርቀው የወላጆቿ አድራሻ ነው። ፍቼ።