«አሳዩኝ» ሲሉ የኖሩት ጤና አስተማሪ

ሠፈሩ ሁሉ «እትዬ አሳዩኝ» እያለ የሚጠራቸው፣ ለእናቴ ታላቅ እህቷ፣ ለእኔ አክስቴ የሆኑት እኚህ ሴት ጥቅምት 14 ቀን 1944 ዓ.ም. በወፍጮ ቤት ይሠሩ ከነበሩት አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ቤታቸውን ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ያለች፣ አንድ ክፍልና አንድ መስኮት ብቻ ያላት ነበረች። ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫ ስለነበር፣ አክስቴ እስከ እርጅናቸው ድረስ ዕቃ የሚያስቀምጡት ከጠርዙ ገባ አድርገው ነበር። በዚያች ቤት ስድስት ልጆች ተወልደው ለወግ ለማዕረግ የበቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያዋ እሳቸው፣ የመጨረሻዋ እናቴ። መካከል ላይ የነበሩትን አራቱን ተቅማጥና ኩፍኝ ወሰዷቸው። እናቴን አንቺ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አንቱ ብላት እሷው ትስቅብኛለችና እንደለመድኩት እንድጠራት ይፈቀድልኝ።

አክስቴ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ለቤታቸው ቅርብ ወደሆነው ትምህርት ቤት ገቡ። እናታቸው ለሥራ ሲወጡ ሕፃን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ፣ የአንድ ዓመት ልጅ የነበረችውን እናቴን አዝለው ነበር የሚማሩት። መምህሩም ሕፃኗ ስታለቅስ ቶሎ እንዲወጡ በሩ አጠገብ አስቀመጧቸው። እናቴ እስከ ዛሬ «እኔ አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ፤ የመጀመሪያውን በጀርባ» ትላለች። አክስቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ1962 ዓ.ም. አጠናቀው ወደ ጤና ማሠልጠኛ ገቡ። ሁለት ዓመት ሠልጥነው በ1964 ዓ.ም. በዚሁ በሠፈራችን ጤና ጣቢያ በጤና አስተማሪነት ተቀጠሩ። የዚያን ቀን የተነሱት ፎቶግራፍ ቤታችን አለ። ነጩ ጋዋን ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ወርዷል፤ በእጃቸው የሥዕል መጠቆሚያ ዘንግ ይዘዋል፤ አገጫቸው ደግሞ ወደ ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር አክስቴ ያን ጊዜ ትንሽ ኩራት ቢጤ ነበረባቸው። ንግግር ያውቁበታል፤ ሥዕሉን እየጠቆሙ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስተምሩ ምራቃቸውን አይውጡም ነበር። ሲጨርሱ «ገባችሁ?» ይላሉ። ሰዉም ሥራ ስለሚጠብቀው በአንድ ድምፅ «ገብቶናል!» ይልና ይበተናል። ሥራቸውን በጀመሩ በዓመቱ የውሃ በርሜል እንዲከደን ሦስት ሳምንት ሙሉ አስተማሩ፤ የከደነ ሰው ግን አልተገኘም። የሠፈሩ ሰው ግዴለሽ ነው ብለው ብስጭትጭት አሉ። በኋላ አንድ ቀን የራሳቸውን ጀሪካን ይዘው ቧንቧው ጋ ከሴቶቹ ጋር ተሰልፈው ሳለ ስለ በርሜሉ ነገር አነሱ። አንዷ ዞር ብላ «እህቴ፣ በርሜሉኮ ከፋብሪካ ሲሸጥልን ጀምሮ ክዳን የለውም፤ በምን እንክደነው?» አለቻቸው። ሌሎቹ ሳቁ። አክስቴ በኀፍረት ፊታቸው ቀላ፤ ግን ሰልፉን ጥለው አልሄዱም፤ ምን ቢደረግ እንደሚሻል እዚያው ጠየቁ። ሴቶቹም ቁርጥራጭ እንጨት የሚጥል አንድ አናጺ እንዳለ ነገሯቸው።

አናጺው የተጣለውን እንጨት እየገጣጠሙ አርባ ሦስት ክዳን በነፃ ሠሩ። አክስቴ ክዳን ሊያሠሩ ሄደው ባል ይዘው ተመለሱ እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድባቸዋል። በ1966 ዓ.ም. ተጋብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ የሰው ደጃፍ ሲረግጡ መጀመሪያ ጠያቂ ነበሩ። ምን ያማችኋል፣ ምን ቸገራችሁ፣ እስካሁን ምን ሞከራችሁ ሳይሉ ዘንጉን አያነሱም ነበር።

አሁን የማነበውን እንዳላነብ የለመኑኝ ዘመዶች አሉ። የቀብር ቀን የሰው ጥፋት አይነሳም ብለውኛል፤ ለክብራቸው አስበው ነውና አልቀየምም። አክስቴ ግን ከሁለት ወር በፊት እጄን ይዘው «ጥሩ ጥሩዬን ብቻ እንዳታነቢ። የኩባያዋን ነገር ካላነበብሽ ሌላውንም ተይው። ለእናትሽ ስትይ አንቢው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው በተሰበሰበበት ትስማው» ብለውኛል። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። እማዬ፣ ስሚኝ።

በ1974 ዓ.ም. ክረምት ሠፈሩን ተቅማጥ ገባበት። በፓኬት የሚመጣው፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ዱቄት ከጤና ጣቢያው አልቆ ነበር። አክስቴ እናቶች ቤት ባለው ስኳርና ጨው እንዲበጠብጡ ማስተማር ጀመሩ። ጠረጴዛቸው ላይ የጤና ጣቢያውን የአንድ ሊትር ጆግ ሞልተው ያስቀምጣሉ፤ በሻይ ማንኪያ፣ አፉን በቢላ ጀርባ እያስተካከሉ፣ ስድስት ስኳርና ግማሽ ጨው ይጨምራሉ። ሰው እንዳይረሳው ብለው ዜማ አወጡለት፤ «ስድስት ስኳር፣ ግማሽ ጨው!» የሚል። ዜማው ጣፋጭ ነበር። ልጆች ገመድ ሲዘሉበት፣ ሴቶች ልብስ ሲያሰጡ ያንጎራጉሩት ጀመር። ውሃው ግን ዜማው ውስጥ አልነበረም። ጆጉ ሁልጊዜ ፊታቸው ስለሚቆም የውሃውን ልክ መናገር እንዳለባቸው አክስቴ ትዝ አላላቸውም። በሠፈሩ ደግሞ የሊትር ጆግ ያለው አንድም ቤት አልነበረም።

እናቴ የአንድ ዓመት ልጇ ታሞባት በሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያዋ ውሃ ቀዳች፤ ስድስት ስኳር፣ ግማሽ ጨው ጨመረች። ለአራት ኩባያ የሚሆነውን በአንዷ ማለት ነው። ሕፃኗ በጠጣች ቁጥር ጥማቱ ባሰባት፤ ባሰባት ቁጥር እናቴ ጨመረችላት። በሦስተኛው ቀን ሕፃኗ እየተንቀጠቀጠች ራሷን ሳተች። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነፍሷ ተረፈ፤ ግራ እጇ ግን እንደ ቀኟ አልሆነም። ያቺ ሕፃን እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ታውቃላችሁ፤ ግራ እጄ ጨርቁን ይጫናል እንጂ መርፌ አይዝም።

ሆስፒታል በገባሁ ማግስት አክስቴ ወደ ቤታችን መጡና ኩባያዋን ጠረጴዛው ላይ አዩዋት። እናቴን «እስቲ እንዴት እንደበጠበጥሽው አሳዪኝ» አሏት። እናቴ አሳየቻቸው። ዜማውን በለሆሳስ እያለች፣ ማንኪያውን በቢላ ጀርባ እያስተካከለች፣ ከተማረችው አንዲት ነገር ሳትጎድል አሳየቻቸው። አክስቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ሠፈሩ ግን ማውራት ጀምሮ ነበር። ልጇን ጨው አጠጥታ ልትገድል ነበር ተባለ፤ ቧንቧው ጋ ስትደርስ ወሬ የሚያቋርጡ ሴቶች ነበሩ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አክስቴን ጠርተው ነገሩን ዝም እንዲሉት፣ ቢናገሩ ከእንግዲህ የሚያምናቸው ሰው እንደማይኖር አስጠነቀቋቸው። አክስቴ በቀጣዩ ቅዳሜ ማስተማሪያው ሜዳ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ ኩባያዋን ከፍ አድርገው ያዙና «እህቴ ያልኳትን ነው ያደረገችው። የውሃውን ልክ አልነገርኳትም፤ ለናንተም አልነገርኳችሁም። ገባችሁ ብዬ ጠየቅኳችሁ እንጂ አሳዩኝ አላልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ከዚያም ባለቤታቸው ኩባያዋን ተቀብለው የሊትሩ ሩብ የሚደርስበትን ቦታ በሚስማር ጫሩባት።

አክስቴ በዚህ ተቀጥተው ሰባት ወር መጋዘን ውስጥ የመድኃኒት ሳጥን እንዲደረድሩ ተደረገ። ኃላፊው እንደፈሩት ግን አልሆነም። ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ ሴቶች ኩባያቸውን፣ ጣሳቸውን፣ የቡና ጀበና ሳይቀር ይዘው ተሰልፈው ተገኙ፤ «የኛንም ልኩን አሳዪን» እያሉ። አናጺው ሚስማራቸውን ይዘው ከሚስታቸው ጎን ቁጭ አሉ። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ የአሮጌ ኩባያችሁን ሆድ ዳሰስ ዳሰስ አድርጉ፤ ያ ጭረት የሳቸው ነው።

ከመጋዘን ከወጡ በኋላ «ገባችሁ?» የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። ያስተማሩትን ሁሉ፣ በሰዉ በራሱ ዕቃ፣ በሰዉ በራሱ ቤት፣ «እስቲ አሳዩኝ» ሳይሉ ከደጁ አይወጡም ነበር። ስማቸውም ከዚያ መጣ። ሰው ሲሳሳትባቸው አይቆጡም፤ «እኔ ነኝ በደንብ ያላስተማርኩ» ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ሳል የቆየባቸው ወንዶች ጤና ጣቢያ አንመጣም ሲሉ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄዱና እሱን ራሱን አስተማሩት፤ ምላጭ አንገትህ ላይ የያዘ ሰው ሲመክርህ እምቢ አትልም ነበር ምክንያታቸው። በዚያ ዓመት አሥራ አንድ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ምርመራ ሄዷል። በገዛ ልጃቸው ሠርግ ላይ አስተናጋጆቹን ወጥ ቤት ድረስ ተከትለው እጅ አስታጥበዋል፤ ሙሽራዋ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችላቸውም። ባለቤታቸው ደግሞ «እወድሻለሁ ስላት አሳየኝ ሳትለኝ ነው ያገባችኝ፤ ያኔ ገና አልነቃችም ነበር» እያሉ ያስቁን ነበር። አናጺው በ2009 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል። አክስቴ በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም እግራቸው ከሰው ደጅ አልቀረም፤ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሠሩ ብዙ አስተማሪዎች የሳቸው ልጆች ናቸው።

አንድ ሰው ብቻ አልተሳካላቸውም። እናቴ ከዚያ ክረምት ወዲህ ምንም ነገር በእጇ በጥብጣ ለሰው ሰጥታ አታውቅም። የሳል ሽሮፕ እንኳ ቢሆን አባቴ ይለካል፤ እኔ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ለታናናሾቼ የምለካው እኔ ሆንኩ። ኩባያዋን አልጣለቻትም፤ አልጠጣችባትምም፤ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ተደፍታ ኖረች። አክስቴ ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ስንት ጊዜ ነግረዋታል! እናቴም «ገብቶኛል እትዬ» ትላለች። «ገብቶኛል» የሚባለው ቃል ምን እንደሆነ ደግሞ ከአክስቴ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አክስቴ በ2016 ዓ.ም. በአንጀት ካንሰር መታመማቸው ታወቀ። ሆስፒታል በነበሩበት ጊዜ ወጣቱን ሐኪም እጁን እንዴት እንደሚታጠብ ሁለት ጊዜ አሳየኝ ብለውታል፤ ልጁም ተማርኩ እንጂ አልተቀየምኩም ብሎኛል። በመጨረሻ ቤታቸው ተመልሰው እኔና እናቴ አስታመምናቸው። ሰውነታቸው ውሃ እያጣ ሲሄድ ነርሷ ብጥብጡን በትንሽ በትንሹ እንዲጠጡ አዘዘችላቸው። ፓኬቱ መሳቢያው ውስጥ ነበር። እሳቸው ግን እናቴን «አንቺ ቤት ባለው ስኳርና ጨው በጥብጪልኝ» አሏት። እናቴ «እኔ? የኔ እጅ አይሆንም እትዬ» ብላ ወጣች። በማግስቱም ጠየቋት፤ እምቢ አለች። በሦስተኛው ቀን እኔ ልበጥብጥ ብል «ተይ፣ አልጠማኝም» አሉኝ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ቤቷ ሄዳ ወንበር ላይ ወጥታ ኩባያዋን አወረደቻት። አክስቴ ቤት አምጥታ አጠበቻት። የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ጭረቱ እየቀዳች ጆግ ውስጥ ገለበጠች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ስድስት ስኳር። ግማሽ ጨው። ማንኪያውን በቢላ ጀርባ እያስተካከለች ጨውን ሁለት ጊዜ መልሳ ለካችው። ከዚያ በዚያችው ኩባያ ቀድታ አልጋው ጋ ይዛ ቆመች። እኔም፣ ነርሷም ያን ቃል ጠበቅን፤ ለሐኪሙም ለነርሷም ለእኔም ሲሉት የኖሩትን።

አላሉም። ኩባያዋን ከእጇ ተቀብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ጠጧት። ከዚያም «ድገሚኝ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ከእናቴ እጅ በቀር ከማንም እጅ አልጠጡም። ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ወንድ ልጃቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውንና እኔን ትተዋል። ላስታመማችሁ፣ ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም ለቆማችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። በየደጃችን ሲዞሩ የደከሙትን እግራቸውን አምላክ ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውንም ከቀደሟቸው አራቱ ሕፃናት ጋር በደስታ ያገናኝልን።

እማዬ ዛሬ ጠዋት ከቤት ከመውጣታችን በፊት በዚያች ኩባያ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠጥቼላት ነው የመጣሁት።