በአባባ ልክ የተሰፋው ልብስ

ለምወድህም ለምቆጣህም ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም አብሮህ ሥራ ይገባል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ ጥርሳቸውን ነቅለው ጨርሰው አደብ ገዙ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ውሸት ገና ከመግቢያው አያምርም። እማማን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ያለነው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱም የተሠራው ለጌጥ ነው። እኔን ታውቀኝ የለ፤ ጤነኛ የቀረው ምላሴ ብቻ ነው።

የላክህልን ፎቶ ደርሶናል። ሰፈራችንን ያፈረሰው ድርጅት ኢንተርኔት ላይ ከለጠፈው አግኝተህ፣ አባባ እንዴት አምሮባቸዋል፣ ወፈር ብለዋል፣ በሙሉ ልብስ ከስፌት መኪናቸው ጋር ሳያቸው እንባዬ መጣ ብለሃል። ለሥራ ባልደረቦችህ ሁሉ አሳይተሃል። ወንድሜ፣ ያ ሰው አባባ አይደለም። አሻንጉሊት ነው። አትሳቅ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አያታችንና ጓደኞቻቸው ረግረጉን ደልድለው፣ ቦዩን በእጃቸው ቆፍረው ያቀኑት የልብስ ሰፊዎች ሰፈር በጥቂት ቀን ውስጥ ሜዳ ሆነ። ጎረቤቶቻችን መሬት ላይ እንደወደቀ የልብስ ቁልፍ የትም ተበተኑ። በቦታው መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆመ፤ ምድር ቤቱ ላይም «የሰፈሩ ትዝታ» የሚባል ጥግ ከፈቱ። ታሪክ ያለው ሕንፃ ኪራዩ ይወደዳል መሰለኝ። ግድግዳው ላይ ነዋሪዎቹ በደስታ እንደለቀቁ ተጽፏል። እማማ የበሩን መቃን አቅፈው ስንት ሰው ጎትቶ እንዳላቀቃቸው አንተ አላየህም፤ እኔ አይቻለሁ።

የዚያ ጥግ ኃላፊ የሆነች ሴት አባባን አፈላልጋ አገኘቻቸው። የስፌት መኪናቸውን ይዘው እዚያ እንዲቀመጡ፣ እንግዳ ሲመጣ እየሰፉ እንዲታዩ ቀጠረቻቸው። መርፌውን ግን የእንግዶች ልጅ እንዳይወጋ ብላ አስወለቀችው። ዕድሜ ልካቸውን የሰፉበትን መኪና ያለ መርፌ፣ ያለ ክር ሲረግጡ ይውሉ ጀመር። እኔ ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ነበር፤ በሁለት አውቶቡስ ሄደው የድሮ ቦታቸው ላይ መዋሉ በቃቸው።

ጥፋታቸው አፋቸው ነው። እንግዶቹ ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች የት ገቡ ብለው ሲጠይቁ አባባ አንድ በአንድ ይነግሯቸው ነበር፤ ማን ዘበኛ እንደሆነ፣ ማን ልጁ ቤት እንደተጠጋ፣ ማን በብስጭት እንደሞተ። ኃላፊዋ እንግዳ ያስተክዛሉ ብላ ገሠጸቻቸው። እሺ ይላሉ፣ በማግሥቱ ይደግሙታል።

አንድ ቀን ጥሩ ግራጫ ሱፍ ጨርቅ ይዘው ገቡ። ኃላፊዋ በራስዎ ልክ ሙሉ ልብስ ይስፉ ብላቸዋለች። አስበው፣ ያን ሁሉ ሙሽራ አልብሰው ለራሳቸው አንድም ቀን ሙሉ ልብስ ሰፍተው አያውቁም። ሥራቸው ጸና ብለን እልል ለማለት ምንም አልቀረንም። መኪናቸው እዚያ ስለቀረ ሁሉንም በእጅ ሰፉት። እማማ ጀርባቸውን ለኩላቸው፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገቡላቸው፤ እኔ ተኮስኩት። ኮሌታው አልጣማቸው ብሎ ስንቴ እንደፈቱት። ልብሱን ለኃላፊዋ ሲያስረክቡ፣ ጥጉ እስኪታደስ ቤትዎ ይረፉ ተባሉ።

ጥጉ ታድሶ በሚከፈትበት ቀን ሦስታችንም ሄድን። አባባ እዚያ እቀይራለሁ ብለው አሮጌ ጃኬታቸውን ነበር የለበሱት። ወንበራቸው ላይ ሰው ተቀምጧል። ፊቱን ከፎቶአቸው ላይ ወስደው ነው የሠሩት፤ ዓይኑ መስታወት ነው፤ የለበሰው የእሳቸውን ልብስ ነው። ኃላፊዋ መጣች፣ ፊቷ እንኳ አልቀላም። እሱ አይደክመውም፣ እንግዳም አያስተክዝም፣ እርስዎ አሁን ይረፉ አለቻቸው።

አባባ አልተቆጡም። አንጀቴን የበላው ይኸው ነው። ጠጋ ብለው አሻንጉሊቱን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከዚያ ትከሻው ላይ የተጨማደደውን ሊያቃኑ እጃቸውን ሰደዱ። ዘበኛው ክንዳቸውን ያዘና፣ «አባት፣ ለእይታ የተቀመጠ ዕቃ አይነካም» አላቸው።

«ልጄ፣ ስፌቱ ልክ ነው» አሉት። «ሲያለብሱት ነው ያጣመሙት።»

ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጡም። መልእክትህን ሳነብላቸው እማማ አለቀሱ። አባባ ፎቶውን ብዙ ካዩ በኋላ፣ እንዳትነግሪው፣ ልጆቹ አያታቸው ሥራ ላይ ያለ ይምሰላቸው አሉኝ። እኔ ግን ነገርኩህ። ለምን ብቻዬን ልቃጠል? ከሩቅ ሆኖ አማረ ማለት ለማንም ቀላል ነው፤ እስቲ አንተም ድርሻህን ተሸከም።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ፎቶውን ሰቅላው ከሆነ አታውርዱት፣ ልጆቹ ይጠይቃሉ። ትልቁን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። እማማ ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት እያሉ በናፍቆት ይስሙሃል። አባባም ሰላም ብለውሃል። እሑድ ስትደውል ሥራ እንዴት ነው ብለህ ጠይቃቸው። ይዋሹሃል። እመናቸው።

እህትህ
ከአምስተኛ ፎቅ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን