የይለፍ ቃሉ የእኔ ነው

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ቀለል አለህ ወይስ ዛሬም ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቀህ ነው የምትውለው? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ጥርስ አወጣች ሲሉኝ እዚህ ሆኜ ጣቴን የነከሰችኝ መሰለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፤ እህትህ የምትነግርህን ሁሉ አትመን።

የምጽፍልህ በስልክ መነጋገር ስላቃተን ነው። ስልክ ላይ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ እናደዳለሁ፣ መስመሩም እኛኑ አይቶ ይቆረጣል። እዚህ ግን እስክጨርስ አታቋርጠኝም።

እንደሰማኸው ላፕቶፕ ገዝቻለሁ።

አዎ፣ ጠብቂ ብለኸኝ ነበር። “የእኔን አሮጌውን አስተካክዬ እልክልሻለሁ፤ የይለፍ ቃሉ እኔ ጋ ይሆናል፤ ሲበላሽ እዚሁ ሆኜ ገብቼ እሠራዋለሁ። አንቺ ምንም መንካት አይጠበቅብሽም እማዬ” አልከኝ። ለእኔ አስበህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እናንተን ያሳደግኳችሁ ስነካካ አይደለም እንዴ? ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በጽሕፈት መኪና ጀመርኩ፣ ኮምፒውተር ሲመጣም ከወጣቶቹ እኩል ተቀምጬ ተማርኩ። አሁን በምን ምክንያት ነው እጄን አጣጥፌ የምቀመጠው?

በዚያው ሰሞን እህትህ ወረቀት ይዛ መጣች። ውክልና ነው። ቤቱ ሊሸጥ፣ እኔ እሷ ጓሮ ያለችው ክፍል ልገባ፣ ልጆቿን እያየሁ ልጦር። “ወንድሜም ተስማምቷል፤ አንቺ ፈርሚ ብቻ” አለችኝ። እስቲ ላስብበት ብዬ ወረቀቱን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ኮምፒውተር ሱቅ ሄድኩ።

ሻጩ ገና ስገባ “ማዘር፣ ለልጅ ልጅ ነው?” አለኝ። ለራሴ ነው ስለው “እንግዲያው ለማዘር ቀለል ያለ ነው” ብሎ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር አመጣ። ጣቶቼን አሳረፍኩበት። ቁልፎቹ ወደ ታች አይሉም፤ ጠረጴዛ እንደ መደብደብ ነው። ሁለተኛው ርካሽ ነበር፣ ግን ያለ ኢንተርኔት ብዙም አይሠራም አለኝ። የሰፈራችን ኢንተርኔት ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ እሱንም ተውኩት። ሦስተኛውን እኔው ከታችኛው መደርደሪያ አየሁት። ቢሮ የሠራ፣ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ክዳኑ የተጫጫረ። ኪቦርዱ ግን ሲጫኑት ይወርዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ወንበር ስቤ በአሥሩም ጣቴ ሳላይ ጻፍኩበት። ይሄ ነው አልኩት። “ማዘር፣ እሱ እኮ አሮጌ ነው፣ ራሙም ትንሽ ነው” አለኝ። “እኔስ አዲስ ነኝ እንዴ?” አልኩት። ሃርድ ዲስኩን በፈጣኑ እንዲቀይርልኝ፣ ባትሪውንም እዚያው ፊቴ እንዲሞክርልኝ አደረግኩ።

ከዚያ የሲስተሙ ጉዳይ መጣ። ዊንዶውስ በነጻ እጭናለሁ አለ። የተከፈለበት ነው ወይ ስለው “ኧረ ማዘር፣ ማን ይከፍላል? ኮፒ ነው” ብሎ ሳቀ። ልጄ፣ ስንት ሌባ የተፈረደበትን ውሳኔ በእጄ ጽፌ፣ በስተርጅና በተሰረቀ ነገር ልሠራ? አይሆንም አልኩ። ትክክለኛውን ልግዛ ብል ደግሞ ከአቅሜ በላይ ሆነ።

ሱቁ ጥግ ላይ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የተፈታ ማሽን ላይ ያጎነበሱ ጥገና የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ጸጉራቸው እንደ እኔው ሸብቷል። ቀና ሳይሉ “በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ለምን አይሞክሩም? ነጻ ነው፤ ለአሮጌ ማሽንም አይከብድም” አሉኝ። ስሙን ካንተ ሰምቼው ነበር። የባለሙያ ነው፣ ለአንቺ አይሆንም ያልከኝ ትዝ ይለኛል። እንደዚያው ነገርኳቸው። “ልጅዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም” አሉ። “መልመድ ይጠይቃል። አንዳንድ ፕሮግራም አይሠራበትም፤ ፕሪንተርም ሊያስቸግርዎ ይችላል። እርስዎ ግን ምን ሊሠሩበት ነው?” ልጽፍበት አልኳቸው። “ለመጻፍማ ይበቃል” አሉ።

በፊደላችን ይጽፋል ወይ ስል፣ ከምነግርዎ ይሞክሩት ብለው ከፍላሽ አስነሱልኝ። ለካ ሳይጫንም መሞከር ይቻላል። መጀመሪያ ጣቴ ላይ የመጣውን ጻፍኩ። “ፈቃደኛ አይደለሁም” ይላል። ፍርድ ቤት ለስንቱ ሰው የጻፍኩት ቃል ነው። ለራሴ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነበር።

ይጫንልኝ አልኳቸው። “እርስዎ ይጫኑት፤ እኔ አጠገብዎ አለሁ” አሉ። ማሽኑ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለቴ አነበብኩት። ይጥፋ አልኩት። ቀጥሎ ስሜንና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ቀና ብዬ ሳይ ሰውዬው ወንበራቸውን አዙረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገዋል። ምነው ስላቸው “የእርስዎ ነው እኮ” አሉኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ልጄ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እህትህ እንደሰማች ነገረችህ፤ አንተም ደወልክ። “ሲበላሽ ማንን ልትጠሪ ነው?” ብለህ ጮኽክብኝ፤ ሳልመልስልህ መስመሩ ተቆረጠ። እውነቱን ልንገርህ፣ የዚያን ቀን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ደግሞም ተበላሸ። ሰውዬው ያሉት አልቀረም፤ ለሥራዬ የገዛሁት ፕሪንተር አልታዘዝ አለኝ። ሱቅ ሄጄ ጠራኋቸው። ከሥራ ሲወጡ መጡና ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ሲታገሉ አመሹ። የመጀመሪያው ወረቀት ብቅ ሲል ሁለታችንም እንደ ሕፃን አጨበጨብን። በሌላ ቀን የማሽኑ ድምፅ ጠፋ፤ እሱም መጥቶ ሠራው። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ነገር የለም፤ ቢሆንም ማየቱ አይከፋም ብሎ ይመጣል። ስንት ዓመት ሲያንጠባጥብ የኖረውን የኩሽናውን ቧንቧም እሱ ነው ያጠበቀው። ትናንት ሥራ ይዞኝ ከማሽኑ አልነሳ ብል “ተነሽ እንጂ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ” አለኝ።

ሥራው ጥሩ ነው። በሩ ላይ “የኮምፒውተር ጽሑፍ እንሠራለን” የሚል ለጥፈናል። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። ባለጉዳዮች ማመልከቻ ያጽፋሉ፤ አንዳንዱ ነገሩን ሳይጀምር ማልቀስ ይጀምራል፣ እሱን አጽናንቼ ነው የምጽፍለት። ልጆቹ ሆሄ ሲሳሳቱ እቆጣለሁ፤ ይስቁብኛል፣ ተመልሰው ግን ይመጣሉ።

አሁን ወደ ውክልናው ልመለስ። ስንቱን ውክልና ጽፌያለሁ መሰለህ። እናቶች እየሳቁ ይፈርሙና፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ለማስሻር እያለቀሱ ይመጡ ነበር። ልጆቻቸው ክፉዎች አልነበሩም። እንደ እናንተ የሚወዷቸው ነበሩ። እኔ ግን አልፈርምም። ቤቱም አይሸጥም። እኔ ስሞት የፈለጋችሁትን አድርጉት፤ እስከዚያ ድረስ የምኖርበት እኔ ነኝ፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ይህን ከአፌ ሳትሰሙ እንዳትቀሩ ብዬ ነው እንዲህ ረጋ ብዬ የምጽፈው።

ወረቀቱን ሳልፈርም ለእህትህ መለስኩላት። አልቅሳ ሄደች። እሁድ ግን ልጆቿን ይዛ መጣች፤ ሳቅንም፣ በላንም። ቧንቧውን ማን ሠራው ብላ ስትጠይቀኝ ሠራተኛ ነው አልኳት። አላመነችኝም። እንግዲህ አንተም ከእሷ ሰምተህ የሚመስልህን ከማሰብህ በፊት ይህን እወቅ፦ ነፍሱን ይማረውና የአባትህ ፎቶ ከግድግዳው አልወረደም፤ አይወርድምም።

አሮጌውን ላፕቶፕህን ለሚያስፈልገው ስጠው። እንዳትቀየመኝ፤ ስላሰብክልኝ ውለታህን አልረሳም። አንድ ቀን አንተም ታረጃለህ፤ ያኔ ልጅህ ምንም አትንካ ስትልህ ይህን ደብዳቤ አውጥተህ አንብብላት።

አምላክ እጅህን ከሥራ፣ ቤትህን ከሳቅ አያጉድልብኝ። ትንሿን አሳድጎ፣ አንተን ቁጭ አድርጋ የምትቆጣበትን ቀን ያሳየኝ። ባለቤትህን ሳምልኝ።

ለእረፍት ስትመጣ ክፍልህ እንዳለ ነው። ብቻ ሳትደውል አትምጣ። በሩን እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ከከፈተልህ ደግሞ፣ አትደንግጥ፤ ሰላም በለውና ግባ።

እናትህ