አባትህ «ልጄ» የሚለው ተዋናይ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? ክፉ አይንካህ። እኛ አለን።

ዛሬ ሥራ ስለማልገባ ጠዋት የአባትህን ሱሪ ከልብስ ሰፊው ተቀበልኩ፤ በጣም ስለከሳ ወገቡን አስጠብቤዋለሁ። መድኃኒቱንም ገዝቼ ገባሁ። ከሰዓት ያንን አሮጌ ቴሌቪዥን ጎኑን መታ መታ አድርጌ፣ በየሳምንቱ የሚደግሙትን የድሮ ድራማ አየን። አባትህ ከታመመ ወዲህ ሰው ይምታታበታል። ወጣቱ ተዋናይ በር ከፍቶ ሲገባ «ልጄ መጣ፣ ምሳ አቅርቢለት» አለኝ። አቀረብኩ። ምን ላድርግ? እሱስ በየሳምንቱ ይመጣል።

አደራህን፣ በዚያ ሰዓት አትደውል። ባለፈው ድምፅህን ሲሰማ «ይሄ ደግሞ ማነው? ዝጊው፣ ከልጄ ጋር ነኝ» ብሎኛል። ዘጋሁት።

ውለድ፣ ክበድ። የምትወልደውም ልጅ ቁርጥ አንተን ይምሰል።

እናትህ