ኖረው ስለማያውቁት ሃያ ሦስት ሃርድ ዲስኮች ለሥራ አስኪያጄ

ለተከበሩ አቶ ዘመድኩን ጥላዬ
የመሳለሚያ ጫፍ ጎልማሶች ማሰልጠኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳውና ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ጋሼ ዘመድኩን፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የሐምሌ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካብዎ፣ በቅርቡ ያስነጠፉትም የቢሮ ምንጣፍ ከመሳለሚያ ጎርፍ እንዲተርፍ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የኮምፒውተር አሠልጣኝዋ መሊካ ነኝ፤ ባለፈው ማክሰኞ በፊርማዎና በማኅተምዎ "የጎደሉት ሃያ ሦስት ሃርድ ዲስኮች የት እንደደረሱ በሦስት ቀን ውስጥ ታስረዳ" የተባልኩት። እውነቱን ለመናገር አልተናደድኩም። ተጸየፍኩ፤ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቤ እጄን ታጠብኩ። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ማብራሪያዬን እነሆ በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩. ዲስኮቹን የትም አላደረስኳቸውም፤ ኖረው አያውቁምና። የዛሬ ሁለት ዓመት ማዕከሉ ኮምፒውተር የመግዛት አቅም እንደሌለው ሲነገረኝ፣ ከአንድ ሊዘጋ ከነበረ የግል ትምህርት ቤት ሃያ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ለምኜ አመጣሁ። ዲስካቸው አስቀድሞ ተነቅሎ ነበርና ሁሉንም በኔትወርክ ገመድ ከአንድ ሰርቨር፣ ማለትም ሁሉን ከሚያገለግል ዋና ኮምፒውተር ጋር አገናኘኋቸው። ሠልጣኙ ማብሪያውን ሲጫን ኮምፒውተሩ ሊኑክስ የተባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ከሰርቨሩ ተቀብሎ ይነሣል፤ የሚሠራውም ሁሉ እዚያው ሰርቨር ላይ በስሙ በተከፈተለት ፎልደር ይቀመጣል። ዛሬ በሩ አጠገብ፣ ነገ መስኮቱ ሥር ቢቀመጥ ሥራውን ካቆመበት ያገኘዋል። ይህን ሁሉ በምረቃው ዕለት ፊትዎ ቆሜ አስረድቻለሁ፤ እርስዎም ሪባኑን ቆርጠው አጨብጭበዋል። መርካቶ ተወልደው ያደጉ ሰው፣ ዕቃው መጋዘን ተቀምጦ ሱቁ ላይ ናሙና ብቻ ሲደረደር እያዩ የኖሩ ሰው፣ ሱቁ ባዶ ነው ብለው ባለሱቁን ሌባ ይላሉ ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር።

፪. የንብረት ቆጠራ ኮሚቴው በአቶ ከበደ ሰብሳቢነት ካቻቢቴውን ይዞ የመጣው ዓርብ፣ እኔ አንዋር መስጊድ ለጁምዓ ሶላት በሄድኩበት ሰዓት ነው። ቅጹ ላይ ለሃርድ ዲስክ የተተወ ቦታ ስላለ፣ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፊት ለፊት "የለም" እያሉ ሃያ አራት ጊዜ ጽፈዋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው። አንድ ሰው ግን "እነዚህ ማሽኖች ታዲያ እስከ ትናንት በምን ሲሠሩ ነበር?" ብሎ አልጠየቀም።

፫. ኮሚቴው ሰርቨሩን ሲፈታ ሁለት ዲስክ አገኘ። ሃያ አራቱ ምንም ሳይኖራቸው አንዱ ብቻውን ሁለት መያዙ በቃለ ጉባኤው "ፍትሐዊ ያልሆነ ድልድል" ተብሎ ሰፈረ። አንደኛው ዲስክ ለሰባተኛው ኮምፒውተር ተሰጠና፣ መሥራቱን ለማረጋገጥ ሲባል በላዩ የነበረው ሁሉ ተጠርጎ ባዶ ተደረገ፤ ጉድለቱም ከሃያ አራት ወደ ሃያ ሦስት ወረደ። ሁለተኛው ደግሞ የእርስዎ ኮምፒውተር ስለሚያዘግም ለቢሮዎ ተመድቦ ትናንት ማታ ተገጠመ። ሁለት ያደረግኳቸው አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሙሉ ቅጂው እንዲተርፍ ነበር። ሦስተኛ ቅጂ ውጭ የሚቀመጥበት ዲስክ እንዲፈቀድልኝም ሦስት ደብዳቤ ጽፌ "ትርፍ ወጪ ነው" ተብያለሁ። ሌባም፣ እሳትም፣ የመብራት መቆራረጥም አስቤ ነበር፤ ፍትሐዊ ድልድልን አለማሰቤ የራሴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬. የስድሳ አንድ ሠልጣኝ የአራት ወር ሥራ በእነዚያ ሁለት ዲስኮች ላይ ነበር። ስለ ስድሳው ሌላ ቀን፤ ዛሬ ስለ ቦጋለ ብቻ ልንገርዎ። ሃያ ዓመት መርካቶ ውስጥ ተሸካሚ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ሐኪም ከባድ ነገር እንዳያነሣ ከልክሎታል። በሁለት ጣት መተየብ ጀምሮ፣ የመርካቶን መተላለፊያዎች ሁሉ የያዘ መዝገብ ሠራ፤ የትኛው ተራ በየት በኩል ይገባል፣ የቱ መንገድ ሰፊ ሸክም ያሳልፋል፣ የቱ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ወገቡ ሲያውቀው የኖረውን ሁሉ ጻፈው። ሰኞ የብቃት ምዘና አለው። ይህን ሥራ አሳይቶ ካለፈ አንድ የጭነት ድርጅት በመዝጋቢነት ሊቀጥረው ቃል ገብቶለታል፤ ካላሳየ የሚጠብቀው ያው የቀድሞ ሸክም ነው። ያ መዝገብ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ጠረጴዛዎ ሥር ባለው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። እባክዎ ኮምፒውተርዎን አይክፈቱት፤ መጥቼ በእጄ ልፍታው።

ምስጋናዬን ሳልገልጽ ባልፍ ነውር ነው። አቶ ከበደ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ከምናለሽ ተራ ሃያ ሦስት የሞቱ ዲስኮች ተገዝተው ኮምፒውተሮቹ ውስጥ ቢታሰሩ ቆጠራው እንደሚሟላና ፋይሉ እንደሚዘጋ ስለመከሩኝ፣ "የማይሠራም ይቆጠራል" ብለው ስላጽናኑኝ፣ ክቡርነትዎም ሐሳቡን በዕለቱ ስላጸደቁት አመሰግናለሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ እኛ ሐምሌ ላይ ጨርሰነዋል።

የማዕከሉን ባዶ ቦታዎች ሁለት ዓመት በታማኝነት የጠበቅኩ፣ ለወደፊቱም የሚሠራ ነገር ከዓይንዎ ለማራቅ የምተጋ፣
መሊካ ይመር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ፈርሜ ልለጥፍ ስል ጸሐፊዎ ወይዘሮ ጤናዬ ደወሉልኝ። ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተርዎ የማያውቀው ዲስክ አግኝቶ ባዶ ላድርገው ወይ ብሎ ቢጠይቅዎ፣ ስብሰባ ረፍዶብዎ ስለነበር ሳያነቡ "እሺ" የሚለውን ተጭነው ወጡ አሉኝ። ስለዚህ በአራተኛው ተራ ቁጥር የለመንኩዎትን ይተዉት። ሃያ ሦስቱ የሞቱ ዲስኮች ሰኞ ጠዋት ከምናለሽ ተራ በጆንያ ይመጣሉ፤ የሚሸከማቸውም ቦጋለ ነው፤ ሰኞ ሌላ ቀጠሮ የለውም። ጨዋ ሰው ነውና በር ላይ ሲያገኝዎ ሸክሙን ሳያወርድ ሰላም ይልዎታል።